የአቶ አምኃ የኋላ ካሜራ

አቶ አምኃ የተባሉ ኃላፊ ስብሰባ በጠሩ ቁጥር ጠረጴዛ እየደበደቡ «ወደፊት እንጂ ወደኋላ የለም!» ይሉ ነበር። እኚሁ ሰው አንድ ምሽት መኪናቸውን ወደኋላ ሲነዱ የመሥሪያ ቤታቸውን አጥር ገጭተው የኋላ መብራታቸውን አረገፉ፤ ጥፋቱንም በካሜራው ላይ አላከኩ።

«ይኼ የኋላ ካሜራ ጨለማ አያይም። አስተካክለው!» አሉት፣ በምላሱ የታወቀውን የሰፈሩን የመኪና ኤሌክትሪሺያን።

ሰውየው «አጥሩስ ከቦታው ተንቀሳቅሶ ነው?» ሊል ቃጣውና ዋጥ አደረገው። ካሜራውን ፈታ፣ ለሰው ዓይን የማይታይ ብርሃን የሚሰጡ ጥቃቅን አምፖሎች ጨመረለትና መልሶ ገጠመው።

በማግስቱ አቶ አምኃ ቱግ ብለው መጡ። ለካ ማታ ከግቢ ሊወጡ ኋላ ማርሽ ሲያስገቡ፣ ፊት ለፊት ሲያገኟቸው መሬት እስኪነኩ የሚያጎነብሱት ሠራተኞቻቸው፣ ጨለማውን ተማምነው ከመኪናው ኋላ ሆዳቸውን ነፍተው የእሳቸውን አረማመድ እያስመሰሉ ሲንከተከቱ ካሜራው ፍንትው አድርጎ አሳይቷቸዋል።

«ካሜራህ አዋረደኝ! ሁለተኛ እንዲህ ያለ ጉድ እንዳያሳየኝ አድርግ፤ አለዚያ ዛሬውኑ ሱቅህን አሳሽጋለሁ!»

ኤሌክትሪሺያኑ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ክቡር ኃላፊ፣ ካሜራው ምን አጠፋ?» አለ። «እሱ የሚያሳየው ኋላ ማርሽ ሲገባ ብቻ ነው። በስብሰባ እንደሚሉት ወደፊት ብቻ ቢሄዱ ኖሮ፣ ምንም ባላዩ ነበር!»