ኤሊ የጋማ ከብት ልትገዛ የወጣች ዕለት

ተረት ተረት፣ የኤሊ ጉልበት።

እትዬ ኤሊ ወንዝ ማዶ ያለች አሮጊት እናቷ ታመመችባት። በእግሯ እንደማትደርስላት ስታውቅ የጋማ ከብት ልትገዛ ገበያ ወጣች። ደላላው ጦጣ ነበር፤ አፉ አያርፍም።

«ዝቅ ያለች፣ የምወጣባት በቅሎ ታሳየኛለህ?» አለችው።

«ኧረ ይህን ሰንጋ ፈረስ እዪ! ሲጋልብ ነፋስ ነው!»

«እርካቡ ጋ አልደርስም እኮ።»

«ትለምጂዋለሽ። ይልቅ ባልሽን ይዘሽ ነይ፤ የፈረስ ጥርስ አይቶ የሚያውቅ ወንድ ነው።»

ደግሞ ዘርፋም ኮርቻ አመጣ፤ ደግሞ የአንገት ቃጭል አንቃጨለ። ኤሊ አንገቷን ወደ ድንጋይ ልብሷ ሰብስባ እንባዋን እዚያው ዋጠችው።

የጦጣውን ኮርቻዎች ተሸክሞ የመጣ ሽማግሌ አህያ ጥግ ቆሞ ነበር። ጎንበስ ብሎ፣ «እትዬ፣ ለመሆኑ ወዴት ነው የሚሄዱት?» አላት።

«እናቴ ዘንድ።»

አህያው ጉልበቱን አጥፎ ተንበረከከላት።

ጦጣው ሳቀ። «እሱንማ ማን ይፈልገዋል፤ ውሰጂው!»

ማምሻውን ዓይኗ የፈዘዘው እናት የኮቴ ድምፅ ሰማች።

«ልጄ፣ በፈረስ ነው በበቅሎ የመጣሽው?»

«ወዴት ነው የሚሄዱት ብሎ በጠየቀኝ ነው፣ እማዬ።»

ተረቴን መልሱ፤ እናንተም በሰላም ድረሱ።