የሐጂ ዙበይር ጥቁር መኪና

ጠባብ የድንጋይ መንገዶቿ ሁሉ ዞረው ዞረው ትልቁ መስጊድ በር ላይ የሚያወጡ አንዲት አሮጌ ከተማ አለች። ስሟ ይቆየን። በዚያች ከተማ ሐጂ ዙበይር የሚባሉ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቅ ሲነግዱ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ሱቁን ለልጆቻቸው አካፈሉ። ለራሳቸው ያስቀሩት የሚኖሩበትን ቤትና አንዲት ጥቁር የጀርመን መኪና ብቻ ነበር።

ስለ ደግ ሰው ልንገራችሁ ብዬ ስለ መኪና ማውራት ስጀምር ፈገግ ያላችሁ አላችሁ። ታገሡኝ፤ የእኚህን ሰው ልብ ያለ መኪናቸው መናገር አይቻልም።

መኪናዋ በዘመኗ የሹማምንትና የትልልቅ ባለጸጎች መኪና ነበረች። ወንበሯ ቆዳ ነው፤ ከመሪው ፊት ያለው ሁሉ የተወለወለ እንጨት ነው። ዘመኗ ካለፈ በኋላ ግን መለዋወጫዋ ከገበያ ጠፋ። ሐጂ ለአንዲት የውሃ ጎማ ብለው ወደብ ድረስ ሰው ይልኩ ነበር። ሱብሒን ሰግደው ሲመለሱ መጀመሪያ ኮፈኑን ከፍተው ዘይቷን ያያሉ፣ ውሃዋን ይሞላሉ፣ ከዚያ ነው ቁርስ የሚቀርቡት። በሩን በኃይል የሚዘጋ ሰው ሲያጋጥማቸው «ቀስ በል ወንድሜ፤ ዝጋው እንጂ አትምታው» ይላሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሰዓዳ ደግሞ ለጎረቤት «ሐጂ ጣውንት አምጥተውብኛል፤ ደግነቱ አፍ የላትም» እያሉ ይስቁ ነበር።

ይህች መኪና የሐጂ ብቻ አልነበረችም ማለት ይቻላል። የሰፈሩ ሙሽራ የሚሄደው በእሷ ነው። ምጥ የያዛት ሴት፣ ራሱን የሳተ ሽማግሌ ሐኪም ቤት የሚደርሰው በእሷ ነው። ሰዎች «ለነዳጁ እንኳ ይቀበሉን» ብለው ሲለምኗቸው ሐጂ «ዱዓ አድርጉላት፤ አሮጊት ናት» ብለው ይሸኟቸዋል።

በከተማዋ የእሷን ዓይነት መኪና የነበረው ሌላ ሰው ያሲን የሚባል የሐጂ የልብ ወዳጅ ነበር። በጉብዝናቸው ዘመን አብረው ወደብ ወርደው ገዝተው አብረው ነድተው ነው ያመጧቸው፤ የሐጂዋ ጥቁር፣ የያሲኗ ነጭ። አንዱ ካንዴላ ያጣ እንደሆነ ከሌላው ይነቅላል፤ አንዱ የፍሬን ሸራ ያገኘ እንደሆነ ለሁለት ይገዛል። ስንት ልስጥህ ተባብለው አያውቁም።

ከዚያ ያሲን ወደ አኼራ ሄደ። ሚስቱ ሩቅያ ልጆቿን በልብስ ስፌት ታሳድግ ጀመር። ነጯ መኪና ግቢዋ ውስጥ ዘይቱን ዛፍ ሥር እንደቆመች ቀረች፤ ቅጠልና የወፍ ኩስ ለበሰች፤ ጎማዎቿ ተንፍሰው መሬት ነኩ።

አንድ ቀን ሐጂ አንዲት ነፍሰ ጡር ሐኪም ቤት አድርሰው ሲመለሱ፣ ዳገቱ ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ግን አልንቀሳቀስ አለች። ማርሹን ቢያስገቡት፣ ቢያወጡት ምንም የለም። በሰው ጉልበት ተገፍታ ሙስባሕ ጋራዥ ገባች። ሙስባሕ መኪናዋን ለዓመታት ያከመ መካኒክ ነው። ካምቢዮውን አውርዶ ፈታና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ሐጂ መጣ።

«ሐጂ፣ ካምቢዮው አልቋል። ማርሾቹ ጥርስ የላቸውም።»

«ጥርስማ እኔስ የት አለኝ? እየበላሁ ግን ነው» አሉ ሐጂ።

ሙስባሕ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ቆመ። ሐጂም ነገሩ ገባቸው።

ወደ ዋና ከተማው ተላከ፤ ወደ ወደብም ተላከ። የተገኘ ነገር የለም። ጥቁሯ መኪና ጋራዡ ጥግ ላይ ቆመች። ሰፈሩም መቆሟን አወቀ፤ ምጥ የያዛት ሴት በዚያ ጉድጓድ በሞላበት መንገድ በባጃጅ ተሳፍራ እያለቀሰች ስታልፍ ሐጂ በራቸው ላይ ቆመው ከንፈራቸውን ይነክሱ ነበር።

አንድ ጠዋት ሙስባሕ ቤታቸው መጣ። «ሐጂ፣ ሩቅያ ግቢ ያለችውን ነጯን አስበዋታል?» አላቸው።

«አላሰብኳትም ብል ውሸት ይሆንብኛል።»

«ቁራሌዎች እየተመላለሱባት ነው። ቆርጠው በኪሎ ሊሸጧት። ቢያንስ ሄደን እንያት።»

ሄዱ። ሩቅያ በደስታ ተቀበለቻቸው። ሙስባሕ ጃኬቱን አውልቆ መኪናዋ ሥር ገባ፤ ዘይት አፍስሶ አየ፤ ሞተሯን በእጁ አሽከረከረ። ረጅም ጊዜ ቆይቶ ሲወጣ ሐጂን ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዳቸው።

«ካምቢዮው እንደ አዲስ ነው። ሞተሩም አልነከሰም፤ ይዞራል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በመቆም ብዛት የሞተው ራዲያተሩ፣ የነዳጅ ፓምፑ፣ ፍሬኑና ሽቦው ነው። እሱ ሁሉ ደግሞ የእርስዎዋ ላይ ደኅና ነው። ከሁለቱ አንድ ሙሉ መኪና ይወጣል ሐጂ! ጥቁሯ ትነሳለች!»

የሐጂ ልብ ዘለለ። ይህን በኋላ ራሳቸው ናቸው የተናገሩት፤ «እንደ ልጅ ነው የዘለለው» ብለው።

ሩቅያ ወደ እነሱ ቀረብ አለች። «ሐጂ፣ ቆርቆሮ ናት አይደል? የመጣ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለኝ። ቁራሌው ከሚቆራርጣት እርስዎ ቢወስዷት ያሲንም በቀብሩ ደስ የሚለው ይመስለኛል። ዋጋውን እርስዎ ይቁረጡ። ያሉኝን እቀበላለሁ።»

ሐጂ ሊመልሱ አሉና፣ አፋቸው ላይ የመጣውን ቃል ዋጡት። «ከጁምዓ በኋላ መጥቼ እነግርሻለሁ» ብለው ብቻ ወጡ።

በመንገድ ላይ ሙስባሕ ዝም ማለት አልቻለም። «ምን ያስጨንቅዎታል? አልዋሹ፣ አልቀሙ። ቁራሌው ከሚሰጣት እጥፍ ይስጧት። ደግሞስ መኪናዋ ብትነሳ ኸይሩ ለሰፈሩ ሁሉ ነው። ስንት ሕመምተኛ ይጠብቅዎታል!»

ያለው ሁሉ ልክ ይመስላል። ነፍስያ፣ ያች የውስጥ ምኞታችን፣ ሁልጊዜ በክፉ ልብስ አትመጣም፤ አንዳንዴ ኸይር ለብሳ፣ የሕመምተኛ ስም ጠርታ ትመጣለች። ሐጂ ደግሞ ነጯን በምትሄድ መኪና ዋጋ ለመግዛት አቅም አልነበራቸውም። ወይ የቆርቆሮ ዋጋ ነው፣ ወይ መኪናቸውን መሰናበት ነው።

ሐሙስ ከአስር ሶላት በኋላ ወይዘሮ ሰዓዳ ባለቤታቸውን ፈልገው ጋራዡ ሲደርሱ፣ ሐጂ የማትሄደው መኪና ውስጥ መሪ ይዘው ተቀምጠዋል። ሴትዮዋ በወዲያኛው በር ገብተው አጠገባቸው ተቀመጡ።

«ሰዓዳ» አሉ ሐጂ፣ «ከቁራሌው እጥፍ ብሰጣት በደላት የሚለኝ አለ?»

«ማን ይላል?»

«ማንም አይልም።»

«ታዲያ ምን አስጨነቀዎት?»

«ማንም አለማለቱ።»

ወይዘሮ ሰዓዳ እጃቸውን በተወለወለው እንጨት ላይ አሳለፉ፤ አቧራ ነበረበትና በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። «እኔ እንኳ ለምጃት ነበር» አሉ በመጨረሻ። ሐጂ ከዚህ የበለጠ ፈቃድ አልጠየቁም።

ጁምዓ ተሰግዶ እንዳበቃ ሐጂ ሩቅያ ቤት ሄዱ። ሩቅያ የስፌት ማሽኗን አቁማ ወንበር አቀረበችላቸው። ትልቋ ልጇ ኢክራም በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ሩቅያ፣ መኪናሽ ቆርቆሮ አይደለችም» አሉ ሐጂ። «ሞተሯ ጤነኛ ነው። ካምቢዮዋ በዚህ አገር አይገኝም። የጎደላት ነገር ቢሟላላት ነገ ትሄዳለች። ቆርቆሮ ናት ብዬ ብገዛት የየቲሞችሽን ሐቅ በልቼ ነበር።»

ሩቅያ በበሩ አሻግራ ነጯን መኪና አየቻት። ከዚያ «ሐጂ፣ እኔ በምን አቅሜ አሠራታለሁ? መለዋወጫው ከየት ይመጣል?» አለች።

«መለዋወጫው ሙስባሕ ጋራዥ ቆሟል። የኔዋ ላይ።»

ሩቅያ ራሷን ነቀነቀች። «ሶደቃ ከሆነ ይቅርብኝ ሐጂ። እጄ እስካለ ሰፍቼ እበላለሁ።»

«ሶደቃ አይደለም» አሉ ሐጂ። «በእኔና በያሲን መካከል የመለዋወጫ ሒሳብ ኖሮ አያውቅም። ያ የነዳጅ ፓምፕ እንኳ ወደብ ወርዶ፣ በጭኑ ላይ አድርጎ ያመጣልኝ ያሲን ነው። በሕይወት ቢኖር ዛሬ መጥቶ ኮፈኔን ከፍቶ ራሱ ይወስደው ነበር። እኔንም አያስፈቅደኝም።»

ሩቅያ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ያዘች። ሳቅም ለቅሶም መጣባት፤ ባሏ በትክክል እንደዚያ ነበርና።

«የሚነዳት ግን ማን ነው?» አለች።

«እኔ» አለች ኢክራም ከበሩ። «አባቴ መንዳት ያስተማረኝ በእሷ ነው።»

በማግስቱ ነጯ መኪና ተጎትታ ከጥቁሯ ጎን ቆመች። ሙስባሕ መፍቻውን ይዞ ጥቁሯ ፊት ቆመና ወደ ኋላ ተመለሰ። «ሐጂ፣ እጄ እምቢ አለኝ። ይህችን መኪና ስንት ዘመን ሳክም ኖሬ እንዴት አድርጌ ልበታትናት?»

ሐጂ መፍቻውን ከእጁ ተቀበሉ። «ቢስሚላህ» ብለው የመጀመሪያውን ብሎን ራሳቸው ፈቱ። ከዚያ በኋላ ሙስባሕ ተረከባቸው። ራዲያተሩ ወጣ፤ ፓምፑ ወጣ፤ ሽቦው እንደ አንጀት ተመዘዘ። ቆዳ ወንበሮቹ ሲወጡ ሐጂ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሙስባሕ እንዳላየ ሆኖ ሥራውን ቀጠለ።

ሥራው ሳምንታት ወሰደ። በመጨረሻ ኢክራም መሪውን ይዛ ቁልፉን ስታዞር ነጯ መኪና ጥቂት አስነጠሰች፣ ሰማያዊ ጭስ ተፋች፣ ከዚያ ያ ሁሉም የሚያውቀው ለስላሳ ትንፋሿ ተሰማ። ሩቅያ እልልታዋን ለቀቀችው። ኢክራም የመጀመሪያዎቹ ተሳፋሪዎቿ ሐጂና ወይዘሮ ሰዓዳ እንዲሆኑ ፈለገች፤ ከተማውን አንድ ዙር አዞረቻቸው። ሐጂ በመንገዱ ሁሉ «ማርሹ እንዴት ይገባል? ይከብዳል?» እያሉ ሲጠይቁ፣ ወይዘሮ ሰዓዳ «እስቲ ልጅቷን ይተዉአት፤ ትንዳበት!» ብለው ተቆጧቸው።

የከተማዋ ሴቶች ሙሽራቸውን በሴት የምትነዳ መኪና መሸኘቱን ወደዱት። የሰርግ ወቅት ሲመጣ ነጯ መኪና ሥራ በዛባት፤ የሩቅያም ቤት ቀና። ምጥ የያዛትን ሴት ግን ኢክራም ኪራይ አታስከፍልም። ይህን ያዘዛት ማንም የለም።

ሐጂስ? ሐጂ በእግራቸው ይሄዱ ጀመር። ዳገቱ ሲከብዳቸው ባጃጅ ይይዛሉ። ነጯ መኪና በአጠገባቸው ስታልፍ ድምጿን ሰምተው «ፍሬኗ መስተካከል አለበት» ይላሉ፤ ወደ ሙስባሕም መልእክት ይልካሉ። መውደዳቸውን አልተዉም። የተዉት ባለቤትነቱን ነው።

አንድ ዓርብ ሙስባሕ ከመስጊድ ሲወጡ ጠብቆ አብሯቸው መራመድ ጀመረ። ያ ነገር ከልቡ አልወጣም ነበር።

«ሐጂ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያኔ እጥፍ ሰጥተው ቢገዟት ኖሮ ሩቅያ ምንም አታውቅም ነበር። እንዲያውም ዕድሜዋን ሙሉ ታመሰግንዎት ነበር።»

«እሱ ነው ያስፈራኝ» አሉ ሐጂ።

ጥቂት እንደሄዱ ቆም ብለው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ሙስባሕ፣ ‹ዋጋውን አንተ ቁረጥ› ያለህ ሰው ሚዛኑን ካንተ እጅ አውጥቶ አላህ ፊት አስቀምጦታል።»

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እኔ ይህን ቃል ከሰማሁ ወዲህ ገበያ ስገባ አስበዋለሁ። የሚከራከረን ሰው ራሱን ይጠብቃል፤ ዋጋ ይጠይቃል፣ ዕቃውን ያገላብጣል፣ ሌላ ሱቅ ሄዶ ያወዳድራል። ከእሱ ጋር ስንገበያይ ብንሳሳት እንኳ የሚመልሰን እሱ ራሱ ነው። የሚያምነን ሰው ግን ጠባቂውን ሁሉ አሰናብቶ ነው የሚመጣው። ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ይዘረጋልናል። ያን ጊዜ እኛና ጌታችን ብቻ እንቀራለን።

ሐጂ ዙበይር የተፈተኑት በሚጠሉት ነገር አይደለም። መኪናቸውን ከልባቸው ይወዷት ነበር፤ ለበጎ ነገርም ነበር የሚነዷት። ፈተናው የከበደው ለዚህ ነው። የወደዱትን ነገር ለማትረፍ የሚያስፈልጋቸው ዝምታ ብቻ ነበር፤ ዝምታውም በምስጋና ይታጀብ ነበር። የተበደለ ሰው አመስግኖ የሚሸኘው በደል ከሁሉ የከፋ ነው፤ ይቅርታ ለመጠየቅ እንኳ በር አይተውምና።

አላህ ላመኑን ሰዎች የምንበቃ ያድርገን። ከማይገባን ምስጋናም ይጠብቀን።