የጥጥ ለቃሚዎቹ ተወካይ

አፉ እንደ ሎሚ የሚኮመጥጥ አንድ ጥጥ ለቃሚ ከኮንሶ ወደ ቆላ እርሻ ወርዶ ነበር አሉ። ወባ ጓደኞቹን እያነሳች ትጥላለች፤ ጤና ጣቢያው ግን የሚከፈተው እነሱ ማሳ በሚውሉበት ሰዓት ብቻ ነው። ማታ ሲመለሱ በሩ ተቆልፎ ይጠብቃቸዋል።

አንድ ቀን የጤና ጣቢያው ዘበኛ መጥቶ፣ "አንተ፣ የመጤዎች ተወካይ ተደርገሃል፣ ና ቶሎ!" አለው። ሰውዬው ጤና ጣቢያው ማታም ይከፈት ለማለት አፉን ሲስል ነው የከረመውና ደስ ብሎት ከተል አለ። አዳራሹ ሙሉ ነው፤ ፎቶ አንሺም ቆሟል። የጣቢያው ኃላፊ ዶክተር ሽመክት ከፊት አስቀመጡትና፣ ደንቆሮ የሚያናግሩ ይመስል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቃሉን እየጎተቱ፣ "የሥራ ሰዓታችን እንዳለ እንዲቀጥል ባለፈው ሳምንት ወስነናል። ይህ ውሳኔ የእናንተም ልጅ ነው! በል አጨብጭብና ፎቶ ተነሳ" አሉት።

ሰውዬው በማጨብጨብ ፈንታ እጁን አጣጠፈ።

"ምነው? አማርኛ አይገባህም እንዴ?"

"ኧረ በደንብ ይገባኛል ዶክተር። ግን ሲፀነስ አልነበርኩ፣ ሲወለድ አልተጠራሁ፤ ዛሬ ክርስትናው ላይ ጠርታችሁ 'አባት ነህ' ትሉኛላችሁ። ልጁ ደግሞ ቁርጥ እርስዎን!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዶክተሩ ላባቸውን እየጠረጉ፣ "ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትለው?" አሉ።

"ሌላ እንውለዳ! ብቻ ማታ ማታ ይሁን፤ ቀን ቀን እኛ ጥጥ ላይ ነን።"