ሰው የማይሞትበት ክሊኒክ

በአንዲት የወረዳ ከተማ የየራሳቸው ክሊኒክ ያላቸው ሁለት የሐኪሞች ማኅበራት ነበሩ፤ አንዱ ኮረብታው ላይ፣ ሌላው ገበያው ዳር። የጤና ኃላፊው አቶ ፈንታሁን የተሻለውን ሊሸልሙ፣ ደካማውን ሊዘጉ ሕዝቡን አዳራሽ ሰበሰቡ።

የኮረብታው ማኅበር አለቃ ዶክተር ይልቃል ከረባታቸውን አስተካክለው ተነሡ። «ዘንድሮ በእኛ ክሊኒክ አንድም ሰው አልሞተም። ከእነዚያ ቤት ግን ሬሳ ሲወጣ ነው የከረመው» አሉ። ኃላፊው በአድናቆት አጨበጨቡ።

ከሕዝቡ መካከል አንዲት በምላሷ የምትፈራ ጠላ ሻጭ ነበረች። በክረምቱ ባሏ ትንፋሽ አጥሮት በሸክም ኮረብታው ላይ ብታደርሰው «ይሄ አይተርፍም፣ ወደዚያ ውሰጂው» ብለው ከበር መልሰዋታል። ታግለው ያዳኑላት የገበያው ዳር ሐኪሞች ነበሩ። አሁን ሊዘጉ የታሰቡት እነሱ መሆናቸውን ስትሰማ ከንዴቷ ብዛት ሳቋ አመለጣት።

ዶክተሩ ሰምተው ዞሩ። «ምን ያስቅሻል አንቺ ሴትዮ? ይልቅ እዚሁ ኃላፊው ፊት ተናገሪ፤ ሰው ከሚሞትበት ክሊኒክና ከማይሞትበት የትኛውን ትመርጫለሽ?»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ ብድግ አለች።

«ኧረ ሁለታችሁም ታስፈልጉኛላችሁ፣ ዶክተር» አለች። «ደኅና ስሆን እርስዎ ዘንድ እመጣለሁ፤ ስታመም እነሱ ዘንድ እሄዳለሁ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ኃላፊው ግን አልሳቁም። ወደ ሕዝቡ ዘወር ብለው «ከኮረብታው በር በሽተኛ ይዞ የተመለሰ አለ?» ሲሉ፣ ከየወንበሩ እጅ በእጅ ላይ ተነሣ።