በጉም ውስጥ የተሰጠች ነጠላ

ምእመናን ሆይ፥ የእመቤታችንን የቸርነቷን ሥራ በልባችሁ ጸጥታ ስሙ። ወለተ ሐና የምትባል አንዲት ባለጸጋ መበለት ነበረች፤ ጧት ጧት ውዳሴዋን ሳታደርስ እህል አትቀምስም፥ ከደጀ ሰላሙም ለነዳያን ሳትመጸውት አትመለስም ነበር። እጀ ሰፊ ነበረች፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ ስሟን እየጠራ ለሚመርቃት እፍኝ ሙሉ ትሰጥና፥ ከጥግ የምትቀመጠውን፥ አንደበቷ የተዘጋውን ብጽዓትን አልፋት ትሄድ ነበር። ዝም ያለ ምርቃት ከሰማይ የማይደርስ ይመስላት ነበርና፤ ወይም፥ ይቅር ይበለንና፥ ከጎረቤት ጆሮ የማይደርስ።

ከዕለታት አንድ ቀንም አንዲት ልጇ አመተ ልዑል ምጥ ጠናባት፤ ሴቶቹ «ማርያም፥ ማርያም» እያሉ ቢማጸኑም ሕፃኑ አልወለድ አለ፥ የልጅቱም ትንፋሽ እየሳሳ ሄደ። እናቲቱም በሐር የተጠለፈ ጥላ ከሣጥኗ አወጣችና፥ «በአደባባይ እልል ተብሎ ይሰጥልኝ፤ ያን ጊዜ እመቤቴ ልጄን ትምርልኛለች» ብላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጠች።

በመንገድም ሳለች ጉም ወረደና ዛፉም አጥሩም ጠፋ፤ እግሯ ምድር የማይረግጥ እስኪመስላት ድረስ በነጭ ዝምታ ውስጥ ሄደች። ከዚያም ብጽዓትን አገኘቻት፤ ካፊያው አርሷት ትንቀጠቀጥ ነበር። ወለተ ሐናም ባየቻት ጊዜ «ወይኔ ልጄ! እሷንም እንዲህ ስትንቀጠቀጥ ነው የተውኳት» ብላ አለቀሰችና፥ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አለበሰቻት፥ አቅፋም አሞቀቻት። የሚያይ አልነበረም፤ እርሷም መታየትን አላሰበችም።

ያን ጊዜ ጉሙ ከውስጡ በራ፥ የጽጌ ሽታም ሸተተ፥ እመቤታችንም ቆማ ታየቻቸውና በለሰለሰ ድምፅ «ልጄ ወለተ ሐና፥ ወዴት ትሄጃለሽ?» አለቻት። እርሷም «እመቤቴ፥ ስለ ልጄ ብዬ ይህን ጥላ ላመጣልሽ» አለች። «ስጦታሽስ አሁን ደረሰኝ፤ ተመለሺ፥ ልጅሽ ትጠብቅሻለች» አለቻትና ተሰወረች።

ከደጇም ስትደርስ እልልታ ሰማች፤ ልጇ በሰላም ተገላግላ ነበርና ወድቃ ሰግዳ አመሰገነች። ጎረቤቶቿም «እትዬ፥ ምን ተስለሽ ነው እንዲህ የሰመረልሽ? ንገሪንና እናውራልሽ» ቢሏት፥ ያቺ ስሟ ሲጠራ ደስ የሚላት ሴት ፈገግ ብላ ዝም አለች። ጥላውንም በማግሥቱ ካህናቱ ከመቅደሱ ደጅ ተቀምጦ አገኙት፥ የማን እንደ ሆነ ግን አላወቁም። እስክታርፍም ድረስ ይህን ነገር ለማንም አልተናገረችም።

እኛስ ከማን ሰማን ብትሉ፥ ከብጽዓት ነው፤ በዚያ ጉም ውስጥ አንደበቷ ተፈትቶ ነበርና።

የእመቤታችን ምልጃዋ ይህን የሰማችሁትን ሁሉ ከብርድና ከምጥ ይሰውራችሁ፤ እጃችሁንም ማንም በማያይበት ይዘርጋው፤ ለዘለዓለሙ አሜን።