ቢላውና ያበጠው በር

«አንድ ቢላ ያለው ሰው ነበረ» አሉ ጋሽ ሙርጋ።

የእድሩ ሰብሳቢ ሀብቴ ጥያቄውን ገና መጨረሱ ነበር። አንድ አባል የእድሩን ድንኳን ወስዶ አልመልስም ብሏል። እሑድ ሠርግ አለ። በእድሩ ውስጥ እንደ ተክሌ ሰው ማስታረቅ የሚያውቅበት የለም። ታዲያ ተክሌ ሄዶ፣ ጮኾም ዝቶም ቢሆን፣ ድንኳኑን ቢያስለቅቀውስ?

ሽማግሌው ቀጠሉ።

ሰውየው ከተማ የሚሠራ ጉራጌ ነው። ለመስቀል አገሩ ሲገባ የክትፎ ቢላውን በጨርቅ ጠቅልሎ ይሄዳል። ስስ ቢላ። ዓመቱን ሙሉ ሲሳል የሚከርም። በዚያ ዓመት እናቱ ታማ ተነሥታ ነበርና «የልጄን ክትፎ ካልቀመስሁ ድኛለሁ አልልም» ብላ ስትጠብቀው ሰነበተች።

ደረሰ። ሰንጋው ታርዶ ለጎረቤት ተከፋፍሏል፤ የእሱም ድርሻ ኮባ ላይ ተቀምጧል። መክተፊያው ግን ክረምቱን ተዘግቶ በከረመው በራሱ ቤት ውስጥ ነው። በሩ ዝናብ ጠጥቶ፣ አብጦ፣ አልነቃነቅ አለ።

«በትከሻህ ግፋው» አለችው ጎረቤቱ።

«ቆይ፣ እኔ መላ አለኝ።»

ቢላውን አወጣ። በበሩና በመቃኑ መካከል ሰክቶ ፈነቀለ። ቀጭ። ግማሹ እጁ ላይ ቀረ፣ ግማሹ በሩ ላይ።

«አንተ ሰውዬ፣ በሩን ነው እንዴ የምትከትፈው?»

ሄዳ ሦስት ጎረምሶች ጠራች። አንድ ላይ ሲገፉት በሩ ተበረገደ፤ ሦስቱም ተደራርበው ወደ ውስጥ ወደቁ። መንደሩ ሳቀ። እናቱም ምርኩዟን ጥላ ሳቀች። እሱ ብቻ ስባሪውን ይዞ ቆመ።

ጎረቤቱ የራሷን ቢላ አዋሰችው። ወፍራም፣ ደነዝ ቢላ። ሲስል ሲከትፍ ፀሐይ ዘቀዘቀች። እናቱ ቀመሰች። አላመጠች።

«ሻካራ ነው» አለች። «ግን ድኛለሁ።»

ጋሽ ሙርጋ ወደ ሀብቴ ዞሩ።

«ተክሌ ያ ስሱ ቢላ ነው። ሰው ሁሉ ጠቡን ይዞ ወደ እሱ የሚመጣው፣ ሲጮኽ ሰምቶት ስለማያውቅ ነው። አንድ ቀን ሰው ደጅ ቆሞ ሲዝት ከታየ፣ ከዚያ ወዲያ ማን ገመናውን ይነግረዋል? ለዚህ በር የሚያስፈልገው ትከሻ ነው። አንተ፣ ጸሐፊውና እኔ እንሂድ።»

«እርስዎም ጋሼ? በዚህ ዕድሜዎ?»

«ብወድቅ ትስቃላችሁ እንጂ ሌላ ምን ይመጣል?» ብለው ሳቁ። «ድንኳኑን እኛ እናመጣለን። ሰውየውን ተክሌ ያመጣዋል።»