የበሶብላና የዳማከሴ ጋብቻ

ተረት ልንገራችሁ? «ንገሪን» በሉ እንጂ፣ አፋችሁን ምን ዘጋው? እሺ፣ ስሙኝ።

ድሮ፣ ተክል ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ በእመት ደብሪቱ ጓሮ በሶብላና ዳማከሴ ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። በሶብላ የበርበሬ ቅመም ነው፤ በመዓዛው ይኮራል። ዳማከሴ የምች መድኃኒት ናት፤ በምሬቷ ትኮራለች። በሶብላ የዳማከሴን ልጅ ለልጁ ወደደና ንብን ሽማግሌ አድርጎ ላከ።

«ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን» አለች ንብ።

«ድስት ውስጥ ልትከቷት ነው? ሂጂ!» አለች ዳማከሴ።

ንብ ሁለተኛ መጣች።

«ሰባት ቤት ሳትቆጥሩ? ሂጂ!»

ንብ ሦስተኛ መጣች።

«ቆጠርን። ዝምድናችሁ ስምንተኛው ቤት ላይ ነው።»

«እንግዲያው ውሰዷት! ግን የልጅ ልጄ እንደ እኔ ይፈውስ።»

«እንደ እኔም ይሽተት!» አለ በሶብላ ከወዲያ።

«ኧረ በማርያም!» አለች ንብ፣ ክንፏ ዝሎ። «እኔ የአበባውን ዱቄት ከአበባ አበባ አደርሳለሁ እንጂ ጠረን መርጬ አልሰፍርም!»

ማን ሰምቷት!

ክረምት ገባ፤ ሦስት ልጆች በቀሉ፣ አደጉም። የመጀመሪያው ቁርጥ በሶብላ ይሸታል። እመት ደብሪቱ ደስ ብሏቸው ወጥ ውስጥ ጨመሩት። ወጡ መረረ። ተናደው ከነሥሩ ነቀሉት።

«ምሬቱ የእናንተ ነው!» ብሎ ጮኸ በሶብላ።

ሁለተኛው ዳማከሴ ይሸታል። ባለቤታቸውን ምች ሲመታቸው ጨምቀው አጠጧቸው። ሰውዬው እየተንቀጠቀጡ «ይጣፍጣል፣ ጨምሪልኝ» አሉ እንጂ አልተሻላቸውም። እሱም ተነቀለ።

«ጣፋጭነቱ የእናንተ ነው!» ብላ ጮኸች ዳማከሴ።

አንድ ልጅ ቀረ። እናቱ አለቀሰች። «ሁለቱ ተነቀሉብኝ። ይህን እንኳ የእኛ ነው በሉልኝ!»

በሶብላ አሸተተው። «የእኛን አይሸትም።»

ዳማከሴም አሸተተችው። «የእኛንም።»

«እናንተ እኮ የምታሸቱት ራሳችሁን ብቻ ነው!» አለች ንብ ተናዳ።

ይሄኔ እመት ደብሪቱ መጡና ግንዱን ጨበጡ።

«እማማ፣» አለ ልጁ፣ «ሳይነቅሉኝ አንድ ቅጠሌን ጨፍልቀው ያሽትቱኝ።»

ጨፈለቁና አሸተቱ። የሎሚ ልጣጭ የመሰለ፣ ጓሮው የማያውቀው ጠረን ነበር። እጃቸው ከግንዱ ላላ።

«አንተ የማን ነህ?»

«የሁለቱም ነኝ። ግን ሁለቱንም አይደለሁም።»

«ለወጥም ለምችም አትሆን» አሉ እመት ደብሪቱ፣ ጣታቸውን ደግመው እያሸተቱ። «ለሻይ ግን ማን ይስተካከልሃል! ዘርህን አስቀራለሁ።» ዶሮ እንዳይጭረውም ዙሪያውን እሾህ አጠሩለት።

እናቱ እፎይ ሳትል ዳማከሴና በሶብላ እኩል ጮኹ፤

«መዓዛው እኮ የእኛ ነው!»

ንብ በራ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህም ለማንም ሽማግሌ ሆና ስትናገር አልተሰማችም፤ ዝም ብላ ከአበባ አበባ ትዞራለች።

የእኔም ተረት እዚህ ላይ አበቃ፤ ይህን ያዙ፦ ስታጋቡ ሰባት ቤት ቁጠሩ፤ ልጅ ሲወለድ ግን አፍንጫችሁን እጠቡ።